ስንዴ፣ ቆሽትና የባቲ ገበያ

በባቲ የሰኞ ገበያ ማሽላና ጤፍ ሲሰፈር ባየሁ ቁጥር አንድ የሕክምና ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲኬ ሴሊያክ የተባለውን የአንጀት ሕመም የሚቀሰቅሰው ስንዴ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1950 በዶክትሬት ጽሑፉ አስረዳ። በ1969 ሕመሙ በአንድ የስኳር ሕመምተኛ ሕፃን ላይ መታየቱ ተዘገበ። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አልነበረም፤ ሴሊያክ፣ ቆሽትን የሚያጠቃው ዓይነት 1 ስኳርና አንዳንድ የታይሮይድ ዕጢ ሕመሞች በከፊል የሚጋሩት የዘር ውርስ አላቸው።

ማሽላም ጤፍም ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የላቸውም። ስለዚህ በእነዚህ እህሎች በሚኖር ቤት ሴሊያክ ተደብቆ ሊኖር ይችላል ባይ ነኝ። ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ስኳሩ ደጋግሞ ያለ ምክንያት ሲወርድ፣ ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ብቻ ሳይሆን የስንዴ ዳቦ ከቤቱ መቼ እንደ ገባ ቢጠይቅ እወዳለሁ።