ከ1928 ዓ.ም. በፊት በአዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነበር?



በኪሳችን የያዝነው ስልክ የአዲስ አበባን ሰዓት የሚያውቀው ከአንድ መዝገብ ነው። የኮምፒውተር ሰዎች «ቲዜድ» ይሉታል። እያንዳንዱ አገር ከግሪንዊች ሰዓት በስንት እንደሚለይ፣ ልዩነቱ መቼ እንደ ተለወጠ፣ የበጋ ሰዓት ያላቸው አገሮችም መቼ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ገፍተው መቼ እንደ መለሱ ተመዝግቦ ይገኝበታል። ሥራውን የጀመረው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረው አርተር ዴቪድ ኦልሰን ነው፤ ከእርሱ በኋላ ኃላፊነቱን የተረከበው ፖል ኤገርት ነው። እኔ የታሪክ ተማሪ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ስለዚህ መዝገቡን እንደ ማንኛውም ሰነድ ልመረምረው እወዳለሁ።

ስለ አዲስ አበባ የተጻፈው ቃል ባጭሩ ይህ ነው። እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ከተማዪቱ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ትቀድም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ፤ በሜይ 5 ቀን 1936 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዛሬ ወደምንጠቀምበት 3 ሰዓት ተዛወረ። ከ1870 እስከ 1890 ባሉት ዓመታትም አገሪቱ በጥቂቱ የሚለያዩ ስድስት የሰዓት ክልሎች እንደ ነበሯት ተጠቅሷል።

ምንጩ ምንድር ነው? ቶማስ ሻንክስ ለኮከብ ቆጣሪዎች ያዘጋጀው አትላስ ነው። ኮከብ ቆጣሪ የተወለዱበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ይሻልና፣ የዓለምን የሰዓት ታሪክ በስፋት ለመሰብሰብ የደከሙት እነርሱ ነበሩ። ድካማቸው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ምስክርነታቸው መመርመር አለበት።

አንደኛ፣ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ መዝገቡ ግን ከተማዪቱ ከመቆርቆሯ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል ቀድሞ ሰዓቷን ይለውጥላታል። ሁለተኛ፣ ከተማን ከከተማ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ባልነበረበት ዘመን በሰከንድ የሚለያዩ ስድስት የሰዓት ክልሎችን ማን ይደነግጋል? ለማንስ ይጠቅማሉ? ሦስተኛ፣ ሜይ 5 ቀን 1936 ማለት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተው፣ ከተማዪቱ በዘረፋና በቃጠሎ ስትታመስ ከርማ፣ በዚያው ዕለት የሰዓት ዐዋጅ ወጣ ማለት ለማመን ያስቸግራል። ለእኔ የሚመስለኝ አዘጋጁ የመንግሥት ለውጡን ቀን የሰዓት ለውጥ ቀን አድርጎ መውሰዱ ነው።

ለመዝገቡ ጠባቂዎች ፍትሕ ልናደርግ ይገባል። በዚያው በመዝገቡ ውስጥ የሻንክስ መረጃ ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል። ሕዝባችን ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቈጥርም አስታውሰዋል። አጠራጣሪውን አጠራጣሪ ብሎ ማስቀመጥ የታማኝ ጸሓፊ ምልክት ነው።

ሆኖም ሌላ ነገር ተከተለ። መዝገቡ በተለይ የሚጠነቀቀው ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላለው ዘመን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሰዓታቸው አንድ የሆኑ ቦታዎች በአንድ መስመር ይጠቃለላሉ። በዚህ ደንብ አዲስ አበባ ከናይሮቢ ጋር ተጠቃለለች፤ የቀድሞው መስመሯ ብዙ መሣሪያዎች ወደማያነቡት ተጨማሪ ፋይል ተዛወረ። ስለዚህ ብዙ ኮምፒውተሮች በ1935 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደ ነበረ ሲጠየቁ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችውን የናይሮቢን ሰዓት፣ 2 ሰዓት ከ30 ደቂቃን፣ ይመልሳሉ። መልሱ ያለ አንዳች ማመንታት ይሰጣል፤ የጠባቂዎቹ ጥርጣሬ አብሮ አይመጣም።

የአምስት ደቂቃ ልዩነት ምን ይጎዳል ትሉኝ ይሆናል። ከዋዜማው እስከ ወረራው የነበረውን የአዲስ አበባ፣ የሮማና የጄኔቫ የቴሌግራም ልውውጥ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ለሚሻ ተመራማሪ የትኛው መልእክት እንደ ቀደመ ማወቅ ዋና ጉዳይ ነው። በአገርኛ አቆጣጠር «ከጧቱ 3 ሰዓት» የተባለውን በፈረንጅ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ የመዘገበ ሰው ደግሞ የሚስተው በደቂቃ ሳይሆን በስድስት ሰዓት ነው፤ ያን ጊዜ መልሱ ከጥያቄው ይቀድማል።

መድኃኒቱ በእጃችን ነው። የመዝገቡ ጠባቂዎች ማስረጃ የያዘ እርማት ይቀበላሉ። የምድር ባቡር የጉዞ ሰሌዳዎች፣ የቴሌግራፍ ደብተሮች፣ የዘመኑ ጋዜጦች ማስታወቂያዎች ከማንም በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው በእኛ ነው። አንድ በቀን የተደገፈ ሰነድ የአትላሱን ግምት ይሽራል። ተማሪዎቼን የምማጸነው ይህን ነው፤ በሰነድ ውስጥ ሰዓት ተጽፎ ስታገኙ አትለፉት፤ በየትኛው አቆጣጠርና በማን ሰዓት እንደ ተጻፈም አብራችሁ መዝግቡ። እኛ ያልጻፍነውን ሌላው በግምት ይሞላዋል፤ ግምቱም በዓለም ሁሉ መሣሪያ ላይ እንደ እውነት ይነበባል።