ቆሰበር ላይ የማያርፈው አውሮፕላን

ቆሰበር፣ በሌላ ስሟ እንጅባራ፣ ላይ አውሮፕላን አያርፍም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ወይ የዓባይ በረሃን አቋርጦ 450 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይጓዛል፣ ወይ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ወርዶ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ወደ ኋላ ይመለሳል። ብዙ ሰው ይህን የሚያስረዳው የአዊ ዞን ትኩረት በማጣቱ ነው። ማብራሪያው ለአዳራሽ ስብሰባ ይመቻል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። የአዊ ምድር ገና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሳይወለድ አውሮፕላን ያረፈበት አገር ነው። የመጣው አውሮፕላን ለምን እንዳልተመላለሰ ለማወቅ የበረራ ሒሳቡን ማን ይከፍል እንደነበር መመርመር ያስፈልጋል። በእኔ እምነት፣ በጎጃም ደጋ ላይ ይህን ሒሳብ ተሳፋሪ ብቻውን ችሎት አያውቅም።

መጀመሪያ የከፈለው ጦርነት ነው። በነሐሴ 1921 አዲስ አበባ አጠገብ ያረፈው የፈረንሳይ ፖቴዝ አውሮፕላን ለአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 በአንቺም ጦርነት፣ ከመንግሥት ጋር የተዋጋው የራስ ጉግሳ ወሌ ሠራዊት አውሮፕላንን ያወቀው ወረቀትና ቦምብ ሲጥልበት ነው። በእነዚያው ዓመታት ግን በአዊዋ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን የጣናንና የዓባይን አካባቢ የሚያጠናው በበቅሎ እየተጓዘ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1933 ደግሞ ከቆሰበር ብዙም በማይርቀው ፋግታ፣ ለጊዜው በተደለደለ ሜዳ ላይ፣ አንዲት ቪንሰንት አውሮፕላን አረፈች። እንግሊዛዊው ሜጀር ኦርድ ዊንጌት የመጣው ጣሊያንን የሚዋጉትን አርበኞች ለማስተባበር ቀድሞ ከገባው ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ለመምከር ነበር። አንድ መኮንን ለማድረስ ከሱዳን ተነሥቶ ተራራ ለተራራ የተበረረበትን ነዳጅ ማንም በትኬት አልመነዘረውም። ጣሊያን በ1933 የካቲት ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲወጣ ግን ለዚያ ሜዳ የሚከፍል ጠፋ።

በሰላሙ ዘመን የመጣው ድርጅት ሌላ ሕግ ነበረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። በረራው በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ክፍለ ሀገራቱን ማገናኘት የድርጅቱ ተልእኮ ቢሆንም፣ የውጭ ምንዛሬ የሚገኘው ከውጭ መስመር ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ሲ-47 አውሮፕላኖች በግራና በቀኝ ግድግዳቸው የሚታጠፍ አግዳሚ ነበራቸው፤ ሰው ሲበዛ ይዘረጋል፣ ጭነት ሲበዛ ይታጠፋል። ድርጅቱ በእግሩ የቆመው ሰውና ዕቃ እያፈራረቀ በመጫን ነው። በኮሮና ወቅት የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ወንበር እየነቀለ ጭነት የጫነውም በዚያው ብልሃት ነው። ብልሃቱ ግን የሚሠራው ዋጋ ያለው ጭነት ሲኖር ነው። ቡና፣ አበባና መድኃኒት የአየር ኪራይ ይችላሉ። ከአዊ የሚወጣው የባንጃ ድንች፣ ቀርቀሃና የፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ነው፤ በአይሱዙ ላይ ጣሪያ እስኪያክል የሚቆለል፣ ብዙ የሚከብድና በኪሎ ጥቂት የሚያወጣ ዕቃ። እንዲህ ያለ ጭነት አውሮፕላን ላይ ቢወጣ ኪራዩ ዋጋውን ይበላዋል።

መንገደኛውስ? አጭር በረራ ርካሽ መሆን ያለበት ይመስላል፤ የጥገናው መዝገብ ግን ሌላ ይላል። የማረፊያ ጎማው፣ ፍሬኑና የእግሩ መገጣጠሚያ የሚያረጁት በተበረረው ኪሎ ሜትር ልክ ሳይሆን በተነሡበትና ባረፉበት ቁጥር ነው። ወደ ናይሮቢ የሄደም ወደ ባሕር ዳር የሄደም አውሮፕላን አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ያርፋል፤ የአጭሩ ትኬት ግን ያነሰ ገንዘብ ያመጣል። ቆሰበር ከባሕር በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗ ነገሩን ያባብሰዋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ክንፉም ለመነሣት ተጨማሪ ፍጥነት ይሻል፤ ስለዚህ ወይ ማኮብኮቢያው ይረዝማል፣ ወይ ጭነቱ ይቀነሳል። የቦሌም ሸክም ይኸው ነው፤ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት የሚያርፉበት አንዱ ምክንያት፣ ለቢሾፍቱው አዲስ ኤርፖርት ዝቅ ያለ ቦታ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው። ችግሩ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ለመመለስ ሲሞክር ወድቆ፣ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሜዳ አጥሮ አስፋልት ማንጠፍ ብቻውን ኤርፖርት አያደርግም። ወፍ የሚከላከል፣ እሳት የሚያጠፋና አየር ጠባይ የሚከታተል ሠራተኛ በቀን አንድ በረራ ቢኖርም ደሞዙ ሙሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፦ ጂንካ፣ ጎዴ፣ ላሊበላና ደምቢ ዶሎ እየተበረረላቸው፣ ደብረ ማርቆስም እየተሠራላት፣ ቆሰበር ምን አጎደለች? ለጎዴ የሚከፍልላት ርቀቷ ነው፤ ለላሊበላ ተሳላሚና ቱሪስት። ደብረ ማርቆስ ኤርፖርቷ ሲያልቅ ደግሞ ቆሰበር በእርሷና በባሕር ዳር ኤርፖርቶች መካከል ትገባለች፤ ሦስተኛው ቢጨመር የሚያገኘው ተሳፋሪ ከሁለቱ የተቀነሰ እንጂ አዲስ አይሆንም። ሌላው ሙግት ድርጅቱ ሀብታም ነው የሚለው ነው። በዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገቢ ትርፍ አይደለም። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ለ2025 የገመተው የኢንዱስትሪው የተጣራ ትርፍ በአንድ ተሳፋሪ 7 ዶላር ግድም ነው። የእኛ የአገር ውስጥ መስመር ደግሞ ትኬቱን ለአገሬው ሰው በብር እየሸጠ መለዋወጫና የአውሮፕላን ዕዳ በዶላር ይከፍላል፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ይህ ክፍተት ሰፍቷል።

ከሁሉም የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። እስካሁን ያልኩት ሁሉ መኪናው መሄድ ይችላል በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ግን የአስፋልቱ መንገድ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ አስፈሪ ሲሆን ከርሟል። በሽተኛ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስ ቤተሰብ የጎማና የፍሬን ስሌት አይገባኝም ቢል አይፈረድበትም። ይሁንና በዚያው ክረምት ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎችም ለቀናት ተቋርጠው ነበር፤ መሬቱ ሲታወክ ሰማዩም ይዘጋል። ደግሞም በችግር ጊዜ የሚፈለግ በረራ ሕዝባዊ አገልግሎት ነው፤ ወጪውም እንደ ሆስፒታልና እንደ ድልድይ ከበጀት መውጣት ይኖርበታል። ለቆሰበር ኤርፖርት የሚጠይቅ ሰው አቤቱታውን ለአየር መንገዱ የትኬት ክፍል ሲያቀርብ አድራሻ ይስታል። ጥያቄው የሚመለከተው የክልሉንና የፌዴራሉን በጀት የሚያጸድቁትን ነው፤ እነርሱም መጀመሪያ የሚያዩት ከእንጅባራ ወደ ቻግኒና ወደ ሕዳሴው ግድብ የሚገነጠለውን መንገድ፣ ቀጥሎም ያንኑ ገንዘብ የሚጠይቀውን ማኮብኮቢያ ይሆናል።