የተውላጠ ስምና የሰው ስም ጥምረት በመንዝ የርስት ታሪክ

ቋንቋ ሁሉ ተውላጠ ስምን ከሰው ስም ጋር የሚያጣምርበት የራሱ ሥርዓት አለው። ነገሩ ለሰዋስው መምህር ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ነገር ግን የቃል ታሪክ የሚሰበስበውን ተማሪ የሰው ቍጥርና የመሬት ባለቤት እስከ ማሳሳት ስለሚያደርሰው፥ በዚህ አጭር ጽሑፍ መንዝን ምሳሌ አድርገን እንመለከተዋለን።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ፥ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ሞላሌም የምትገኘው በማማ ምድር ነው። እንደ አገሩ አፈ ታሪክ ሦስቱ ስሞች አገሩን ያቀኑት አባቶች ስሞች ናቸው። በ1967 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት እስካደረገው ድረስ፥ ርስት የሚጠየቀው የትውልድ ሐረግን ወደ ቀዳሚ አባት በመቍጠር ነበር። ሐረጉ በአባትም በእናትም በኩል ይቈጠር ስለ ነበር ሴት ልጅም ርስተኛ ነበረች። ስለዚህ «እኛ» የተባሉት እነማን እንደ ሆኑ ለይቶ ማወቅ ዋና ቁም ነገር ነው።

አንድ ሽማግሌ «ከወንድሜ ጋር ርስቱን ተካፈልን» ቢሉን ተካፋዮቹ ስንት ናቸው? በግእዝ «አነ ወእኁየ»፥ በዐማርኛም «እኔና ወንድሜ» ቢባል ሁለት መሆናቸው ግልጽ ነው። «ተካፈልን» በሚለው ግሥ መጨረሻ ያለው «ን» ግን ሽማግሌውንና ወንድማቸውን ብቻ ሊይዝ ይችላል፤ ወይም ሌሎች ወንድሞችና እኅቶችም በውስጡ ይኖራሉ። የሩሲያ ሰውም «እኛ ከኢቫን ጋር» ሲል ብዙውን ጊዜ «እኔና ኢቫን» ማለቱ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ግን «እኛ ሁለታችን» የሚል «ዊት» የተባለ ቃል ስለ ነበረው፥ የባልንጀራው ስም ከጐኑ ሲቀመጥ ቍጥሩ አያጠራጥርም ነበር።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው «እነ» ነው። ይህ ቃል ከ«አንተ» ጋር ሲጣመር «እናንተ»፥ ከ«እርሱ» ጋር ሲጣመር «እነርሱ» ይሆናል፤ በሰው ስም ፊት ሲገባም ባለ ስሙንና አብረውት ያሉትን ያመለክታል። በጥንቱ የአይስላንድ ቋንቋም «እነርሱ ጉናር» ቢባል ጉናርንና ጓደኞቹን ማለት ነበር። ይሁን እንጂ በእኛ ዘንድ የአክብሮትና የብዙ ግሥ መልኩ አንድ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ልጅ አንሥተን «ራስ ዳርጌ ዘመቱ» ብንል የዘመቱት አንድ ሰው ናቸው፤ «እነ ራስ ዳርጌ ዘመቱ» ብንል ግን ብዙዎች ናቸው። ጸሓፊው «እነ»ን ቢዘነጋ አጃቢው ሁሉ ከታሪኩ ይወጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «እነ ከበደ ያረሱት መሬት» የሚለውን ሰምቶ «የከበደ ርስት» ብሎ መመዝገብ ነው። መሬቱ ሚስቲቱ ከአባቷ ወይም ከእናቷ ያገኘችው ሊሆን ይችላል። «እነ» የሚጠራው የባልን ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ ርስተኛይቱ በአንዲት ቃል ጥላ ሥር ትሰወራለች። ከመዝገቡ የሚያነብ ሁሉ በመንዝ ሴት ርስት አልነበራትም ወደ ማለት ይደርሳል።

ስለዚህ ወደ ሞላሌ ወርዶ ሽማግሎችንና ባልቴቶችን የሚጠይቅ ተማሪ «እኛ» ወይም «እነ እገሌ» የሚል ቃል በሰማ ቍጥር ብዕሩን ገታ አድርጎ «እነማን ነበራችሁ? መሬቱስ በማን በኩል መጣ?» ብሎ ስም በስም ይጠይቅ። የተናጋሪውንም ቃል ሳይለውጥ ይጻፍ፤ ትርጓሜው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።