ከላሊበላዎች ዜማ እስከ ራዲዮ ትረካ

በወልድያ፣ በመርሳና በመላው ሀብሩ የድምፅ ጥበብ ከቴአትር አዳራሽና ከካሜራ እጅግ የቀደመ መሆኑን የሚጠራጠር ቢኖር፣ ጎሕ ሳይቀድ በየሰው ደጅ ቆመው ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ የሚያዜሙትን ላሊበላዎች፣ በሠርግ ማሲንቆ የሚመቱትን አዝማሪዎች፣ ድቤ እየመቱ መንዙማ የሚያወርዱትን ደረሳዎች፣ በማሕሌት የሚቆሙትን ካህናት ያስብ፤ በጎረቤት ወረዳ በአምባሰል ስም የሚጠራው ቅኝትም ለዚሁ ምስክር ነው።

ዘመናዊው ተውኔት ግን በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም "ፋቡላ" በአዲስ አበባ ተጀምሮ፣ በ1948 ዓ.ም. በተመረቀው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ጸንቶ፣ በ1957 ዓ.ም. "ሂሩት አባቷ ማነው" በተሰኘው ፊልም ወደ ሲኒማ ተሻገረ።

ገጽ ሳይታይ በቃል ብቻ ሰውን መፍጠር ምን እንደሚመስል በጉልህ ያሳየው የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ራዲዮ በተረከ ጊዜ፣ የበዛብህን ትሕትና፣ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢትና የጉዱ ካሳን ምጸት በአንድ አንደበት እየለየ፣ ማንበብ ለማይችለው ገበሬ ሳይቀር መጽሐፉን ገለጠለት።

ስለዚህ ዛሬ በፊልምና በድምፅ ትወና ሙያ ለመሰማራት የሚመኝ የወልድያ ወይም የመርሳ ወጣት፣ ማይክሮፎን ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ፣ ትንፋሹን መመጠንና አድማጩን በስሙ መጥራት ከሚያውቁት ከአገሩ ባለዜማዎች እግር ሥር ቢቀመጥ፣ ትምህርቱን ከሩቅ መሻት አያስፈልገውም።