የዓባይ ድልድዮችና ሠሪዎቻቸው

ጎጃም ዓባይ የዞረው አገር ነው። ወንዙ ከጣና ወጥቶ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይጠመጠምበታል፤ ክረምት ገብቶ ሲሞላ ደግሞ መንገደኛውን ለወራት ከማዶ ያስቀረው ነበር። በበጋ መልካ ተፈልጎ፣ ዋናተኛ ተይዞ፣ ጓዙ በተነፋ ቆዳ ላይ ተንሳፍፎ ይታለፍ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ድልድይ የሠራ አይረሳም። የዓባይን ድልድዮች ሠሪዎች ተራ በተራ የሚያይ ሰው፣ የዓለም ኃይል ከማን ወደ ማን ሲዞር እንደኖረ ከዚሁ ገደል ሥር ሆኖ መከታተል ይችላል።

የመጀመሪያው በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ነው። የተሠራው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ግን ሥራውን የመራው ባለሙያ ከካቶሊኩ ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ እንደነበር ጽፏል፤ ለኖራ የሚሆነው ድንጋይም እዚያው አላታ አጠገብ ተገኘ። የእጅ ሙያው ከሕንድ መምጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪው አንገስ ማዲሰን እንደገመቱት፣ እ.ኤ.አ. በ1600 ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉ የሕንድና የቻይና ነበር። በ1950 የሁለቱ ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ዛሬ «ኃይል ወደ እስያ ዞረ» ሲባል፣ ወደ ጥንት ቤቱ እየተመለሰ ነው ቢባል ይቀርባል።

ከሁሉ የሚደንቀው ከአላታ በኋላ የሆነው ነው። አፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውንና የቅስቱን ጥበብ ግን አስቀሩ። የጎንደር ግንቦች በዚያ ጥበብ ቆሙ። ሞጣን ከቤጌምድር ጋር ያገናኘው የዓባይ ድልድይም በእርሳቸው ዘመን ተሠራ። ይህ ድልድይ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ካገለገለ በኋላ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ፤ ስሙም «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርት ዓመታት የሁለቱ ወገን ሰዎች ከወዲህና ከወዲያ ገመድ ይዘው፣ ተሻጋሪውን ወገቡን አስረው በባዶው ላይ ይስቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በአቅራቢያው ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ አቆመ።

የአውሮፓ ዘመን ደግሞ ከድልድዩ ይልቅ በሹፌሩ አፍ ላይ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በዓባይ በረሃ የሚወርደውን የመኪና መንገድ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ጠረጉ። መንገዱን ጥለው ሄዱ፤ ቃላቸው ቀረ። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ የጋራዡ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። መኪናው ግን ተለውጧል። በደጀን ቁልቁለት የሚወርደው የጭነት መኪና የጃፓኑ አይሱዙና የቻይናው ሲኖትራክ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ጎዳና ሰው የሚያመላልሰው ሦስት እግርም ስሙን ያገኘው ከሠሪው ከሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ነው።

ጃፓንን ኢትዮጵያውያን ቀደም ብለው ተመኝተዋት ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው ተመለሱ። ጎጃም የጃፓንን ሥራ በዓይኑ ያየው ግን ቆይቶ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ዓባይን በሚነካበት ቦታ፣ የጃፓኑ ካጂማ ኩባንያ 303 ሜትር የሚረዝም፣ በምሰሶና በገመድ የተወጠረ ድልድይ ሠራ። ገንዘቡ የጃፓን መንግሥት እርዳታ ነበር። በኢትዮጵያ ሚሊኒየም ዓመት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 ተመረቀና «ሕዳሴ ድልድይ» ተባለ።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ 380 ሜትር የሚረዝምና 43 ሜትር የሚሰፋ አዲስ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ። ሠሪው የቻይና ኩባንያ፣ ከፋዩ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የጃፓኑ ስጦታ ነበር፤ የቻይናው ውል ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ የሚከፍል ሰው ከሠሪው ሙያ የመጠየቅ መብት አለው።

የዓባይ በረሃ አፈር ዛሬም ይንሸራተታል፤ አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። መፍትሔ ለመፈለግም ከሕዳሴ ድልድይ ምረቃ በኋላ የጃፓን ባለሙያዎች ተመልሰው ገደሉን አጥንተዋል። የፋሲለደስ ግንበኞች ከባዕድ የተማሩትን ሙያ ባዕዱ ከሄደ በኋላ ሠርተውበታል። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና ተማሪዎችም ወደ ደጀን ቁልቁለት ይውረዱ፤ የሚንሸራተተውን አፈር ይለኩ፣ የድልድዩን ንድፍ ይመርምሩ፣ ቀጣዩን ድልድይ እነሱ ይንደፉት።