ደመናው ወይስ ጥላው? አር ሞኖሴሮቲስና የሀብል ተለዋዋጭ ኔቡላ

ሞኖሴሮስ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ፣ ከእኛ 2,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ፈዛዛ ብርሃን አለ። ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1783 ያገኘው ይህ አካል በሥነ ፈለክ መዝገብ ኤንጂሲ 2261 ይባላል። የጋዝና የአቧራ ክምችት (ኔቡላ) ሲሆን፣ የሚታየው ጫፉ ላይ ያለችውን የወጣቷን ኮከብ የአር ሞኖሴሮቲስን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ኮከቧ ራሷ ከተወለደችበት አቧራ ገና አልወጣችም።

ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1916 በተለያዩ ዓመታት የተነሡ ፎቶግራፎችን ሲያስተያይ የኔቡላው መልክ መለወጡን ደረሰበት። ከዚያም ካርል ላምፕላንድ በሎዌል የሥነ ፈለክ መመልከቻ ለአሥርት ዓመታት ደጋግሞ ፎቶ አነሣው። ለውጡ በወራት፣ አንዳንዴም በሳምንታት ውስጥ የሚታይ ነው።

ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። የኔቡላው ስፋት አንድ የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ደመና እንኳ ይህን ርቀት ለማቋረጥ 3,000 ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲያው በሳምንታት የሚለወጠው ደመናው ራሱ ሊሆን አይችልም። የኮከቧ ድምቀት መጨመርና መቀነስ ብቻውንም አያስረዳውም፤ ምክንያቱ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለውጡ በየአቅጣጫው እኩል በተዛመተ ነበር። የሚታየው ግን አንዱ ወገን ሲጨልም ሌላው እንደበራ መቆየቱ ነው።

ሚዛን የሚደፋው ማብራሪያ የጥላ ነው። ኩራዝ አጠገብ የምትበር የእሳት እራት ግድግዳውን በጥላ ትሞላዋለች፤ ትንሽ ብትንቀሳቀስ ጥላዋ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። በአር ሞኖሴሮቲስ ዙሪያም ጥቅጥቅ ያሉ የአቧራ ቁራጮች በኮከቧ አቅራቢያ ሲያልፉ ብርሃኗን ይጋርዳሉ፤ ጥላቸውም በሰፊው ኔቡላ ላይ ያርፋል። ጥላው የሚሰፋው ብርሃን በሚጓዝበት ፍጥነት በመሆኑ፣ ቁስ ሊደርስበት የማይችለውን ርቀት በጥቂት ወራት ያዳርሳል።

የኔቡላው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል። ከኮከቧ አጠገብ ያለው አቧራ በቴሌስኮፕ ተለይቶ ለመታየት እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥላው ግን ጎልቶ ይታያል። ባለ 5 ሜትሩ የፓሎማር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በጥር 1949 የመጀመሪያ ፎቶግራፉን ያነሣው ወደዚሁ ኔቡላ ዞሮ ነበር። ሆኖም የትኛውም ነጠላ ፎቶ፣ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ጥላውን ከደመናው አይለይም። አር ሞኖሴሮቲስን ለሚያጠና ሰው ዋናው ማስረጃ ቀን የተጻፈባቸው ተከታታይ ምስሎች መዝገብ ነው።