የጄኔሬተር መሠረትና የጎንደር አፈር

የጎንደርን አብያተ መንግሥት ያነጹ ግንበኞች በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ ጥቁር ድንጋይ በኖራ እያያያዙ ያቆሙት ሥራ ከአፄ ፋሲል ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667) ጀምሮ እስከ ዛሬ ይታያል፡፡ መሠረቱ እንዲሸከም የተጠየቀው በቦታው ጸንቶ የሚኖር ክብደት ነበር፡፡ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መኪና ወደ ደጋው ሲመጣ ግን ለመሠረት ሌላ ጥያቄ ቀረበለት፤ ሸክሙ ራሱ የሚንቀሳቀስ ሆኗልና፡፡

የቀድሞዎቹ መኪና ተካዮች መልስ ቀላል ነበር፡፡ ለተሽከርካሪ መኪና የመሠረቱ ክብደት የመኪናውን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ፣ ፒስተን ላለው ሞተር ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይሁን የሚለው የልምድ ደንብ በብዙ አገር ሠርቷል፡፡ ለመነሻ ዛሬም የሚናቅ አይደለም፡፡ ጉድለቱ አፈሩን ጨርሶ አለመጠየቁ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1936 ጀርመናዊው ራይስነር በአፈር ላይ የሚንቀጠቀጥ ክብ ሰሌዳ ኃይሉን ወደ ምድር እንዴት እንደሚበትን በስሌት አሳየ፡፡ በ1948 የሶቪየቱ ባርካን አፈሩን እንደ ሞላ የሚቆጥር መጽሐፉን አወጣ፤ በ1970 ደግሞ ሪቻርት፣ ሆልና ዉድስ በአሜሪካ ያሳተሙት መጽሐፍ ዕውቀቱን ለመሐንዲሱ ጠረጴዛ አበቃው፡፡ ከዚህ ወዲህ ዋናው ጥያቄ መሠረቱ ምን ያህል ይከብዳል የሚለው መሆኑ ቀርቶ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል የሚለው ሆነ፡፡ ዥዋዥዌ የሚጫወት ሕፃን በትንሽ ግፊት ከፍ የሚለው ግፊቱ ከመመለሻው ጋር ሲገጥም እንደ ሆነ ሁሉ፣ የመኪናው ምት ከመሠረቱ የተፈጥሮ ምት ጋር ከተገናኘ ቡሎን ይላላል፣ አርማታ ይሰነጠቃል፣ ኩሽኔታ ይበላል፡፡

አንድ ምሳሌ እንውሰድ፡፡ በደቂቃ 500 ዙር የሚዞር የዲዜል ጄኔሬተር በሰከንድ 8.3 ጊዜ ይመታል፡፡ የመሠረቱ የተፈጥሮ ምት 12 ቢሆን የሚያሰጋ ነገር የለም፡፡ አሁን አንድ ጠንቃቃ ሰው «ይጠንክር» ብሎ የመሠረቱን ስፋት ሳይለውጥ በጥልቀት ኮንክሪት ጨምሮ ጠቅላላውን ክብደት እጥፍ ቢያደርገው፣ ምቱ ወደ 8.5 ይወርዳል፡፡ በመጠንቀቅ ወደ ገደሉ አፋፍ መጣ ማለት ነው፡፡ ደግሞም ወደ ላይና ወደ ታች የሚደረገው ንዝረት ኃይሉን ለአፈሩ እያካፈለ ቶሎ ይበርዳል፤ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ግን በቀላሉ አይበርድም፡፡ ስለዚህ የተጨማሪው ኮንክሪት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከሥር ሳይሆን ከጎን ነው፡፡

በጢስ ዓባይ ነገሩ ይቀላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረውና የባሕር ዳርን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጭምር ያገለገለው 11.4 ሜጋዋት ማመንጫ የቆመው ፏፏቴው በሚወርድበት የባዛልት አገር ነው፡፡ በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ የጣና በለስ ማመንጫም አራት መኪናዎቹን ከመሬት በታች በተፈለፈለ አዳራሽ ይዟል፡፡ በአለት ላይ የተተከለ መሠረት ምቱ ከመኪናው ምት እጅግ የራቀ ስለሚሆን፣ መሐንዲሱ የሚጨነቀው ይልቁንም መስመር በድንገት ሲገናኝ ስለሚፈጠረው ጠምዛዥ ጉልበት ነው፡፡

ከዋናው መረብ ያልተገናኙ ከተሞች ለረጅም ዘመን በዲዜል ሲያበሩ ኖረዋል፤ ዛሬም ሆስፒታልና ፋብሪካ መጠባበቂያ ጄኔሬተር ሳይዝ አያድርም፡፡ በጎንደርና በአዘዞ ዙሪያ፣ ወደ ደምቢያ ሜዳ ሲወረድም ይበልጡን፣ መሐንዲሱን የሚጠብቀው ዋልካ ነው፡፡ ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ በበጋ ደርቆ ይጠነክራል፣ ይሰነጠቃል፡፡ የአፈሩ ጥንካሬ በግማሽ ቢቀንስ ያው 12 የነበረው ምት እንደገና ወደ 8.5 ይወርዳል፤ ኮንክሪት የጨመረ ማንም ሳይኖር! በበጋም ቢሆን አፈሩ ከመሠረቱ ጎን ተላቆ ድጋፉን ይነሣዋል፡፡ ከመድረቁና ከመላቀቁ የትኛው እንደሚያይል ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ለመናገር የሚደፍር ባለሙያ እኔ አላምነውም፡፡

እንግዲህ ዋልካው ቀጭን ከሆነ እስከ አለቱ ድረስ ተቆርጦ ይውጣ፡፡ ወፍራም ከሆነ በተጠቀጠቀ ጠጠር ይተካ፣ የዝናቡም ውኃ ከመሠረቱ ይራቅ፡፡ የመኪናው መሠረት ከቤቱ ወለልና ግድግዳ በክፍተት ይለይ፤ ይህን ክፍተት ወለል የሚያለብሰው ሠራተኛ ለጽዳት ብሎ በሲሚንቶ እንዳይደፍነው መቆጣጠርም ያስፈልጋል፡፡ የንዝረት ልኬቱ ደግሞ ርክክብ በሚደረግበት ቀን ብቻ ሳይሆን አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በመጋቢት ይወሰድ፡፡